ጡት የጣለ ልጅ
(ስለ ሕፃናት ምግብ ማነስና ስለ ጤና ኬላ ሥራ የተደረገ አጭር ጥናት)

በአገራችን ልማድ ልጅ ሲወለድ እልል ይባላል፤ ለአራሷ ገንፎ ይገነፋል፥ አጥሚት ይፈላል፤ ዘመድ ጎረቤቱም ቅቤውንና ማሩን ይዞ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። ወንዱ በ40፥ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡም እንደ አቅም ይደገሳል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ሐኪሞች እንደሚያስረዱት ሕፃን በምግብ ማነስ ክፉኛ የሚጎዳው እልልታው በሚሰማበት ሰሞን ሳይሆን ከዚያ በኋላ፥ ይልቁንም ከ6ኛው ወር እስከ 2ኛው ዓመት ባለው ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ ድግስ የለም፤ ጠያቂም የለም። ልጁ ከጡት እየራቀ ወደ ቤተ ሰቡ ገበታ የሚጠጋበት፥ ነገር ግን እንጀራውን በበርበሬ ወጥ መብላት የማይሆንለት ዕድሜ ነው።

ይህን ርእስ ለመጽሔታችን የመረጥሁበትን ምክንያት ባጭሩ ልግለጽ። በዚህ ዓመት በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ስለ ምግብ ዐይነቶች ስንማር መምህራችን አንድ ጥያቄ አቀረቡልን። «ድርቅ ባለበት አገር ልጅ ቢከሳ አያስደንቅም። ጎተራው ሙሉ በሆነበት ቤት ልጅ የሚቀነጭረው ስለ ምንድን ነው?» አሉን። ከክፍላችን አጥጋቢ መልስ የሰጠ አልነበረም። አንዱ ጓደኛችን «ዘሩ አጭር ስለ ሆነ ነው» ቢል ሁላችንም ሳቅን። ኋላ ግን ሳነብና ሰው ስጠይቅ፥ ያ የሳቅንበት መልስ ብዙ ሰው ከልቡ የሚያምነው ነገር መሆኑን ተረዳሁ።

እንግዲህ አስቀድመን ቃላቱን እንለይ። የምግብ እጥረት ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ዐጥንቱ የሚቈጠር ልጅ ነው። ይህ አንዱ መልክ ብቻ ነው። እርሱም መቀጨጭ ይባላል፤ የልጁ ክብደት ከቁመቱ ጋር ሲመዛዘን ያንሳል ማለት ነው። ከረኀብ፥ ከተቅማጥ ወይም ከኩፍኝ በኋላ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይመጣል፤ ቶሎ ይገድላል፥ ከታከመም ቶሎ ይድናል። ሁለተኛው መልክ ማበጥ ነው። እብጠቱ ከእግር ይጀምራል፥ ፊት ይሞላል፥ ጠጕር ይሳሳል፥ መልኩንም ይለውጣል፤ ልጁ ይነጫነጫል፥ ምግብም ይጠላል። ያላወቀ ሰው ሲያየው የወፈረ ይመስለዋል። ሁለቱንም እግሮች በጀርባቸው በኩል በአውራ ጣት ለ3 ሰከንድ ያህል ተጭኖ ሲለቁት ጉድጓዱ ከቀረ፥ ያ ውፍረት ሳይሆን ውሃ ነው። ሦስተኛው መልክ መቀንጨር ነው፤ ልጁ ለዕድሜው አጭር ሆኖ ይቀራል። ይህኛው ዝምተኛ ነው። የቀነጨረ ልጅ ይጫወታል፥ ይሥቃል፤ ከጎረቤት ልጅ ጋር ቢያስተያዩትም እኩል ነው፥ የጎረቤትየውም ልጅ ቀንጭሯልና።

ስለ ሁለተኛው መልክ ጥቂት ልጨምር፤ ስሙ ራሱ ትምህርት ነው። በዛሬይቱ ጋና፥ ያን ጊዜ ጎልድ ኮስት ትባል በነበረችው አገር፥ ሲስሊ ዊሊያምስ የሚባሉ በጃማይካ የተወለዱ ሴት ሐኪም ይሠሩ ነበር። እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1933 ስለዚህ የማበጥ ሕመም ጻፉ፤ በ1935ም «ክዋሺኦርኮር» የሚለውን ስም ለሕክምናው ዓለም አስተዋወቁ። ቃሉን የወሰዱት ከጋ ሕዝብ ቋንቋ ሲሆን ትርጓሜው ታናሹ ሲወለድ ታላቁን የሚይዘው ሕመም እንደ ማለት ነው። የዚያ አገር እናቶች መንሥኤውን ከሐኪም በፊት ዐውቀውት ኖሯል፤ ሐኪሟም የሠሩት ታላቅ ሥራ እናቶቹን መስማታቸው ይመስለኛል። ለብዙ ዘመን ይህ ሕመም ከፕሮቲን ማነስ ብቻ ይመጣል ይባል ነበር። ዛሬ ሊቃውንት ምክንያቱ ከዚያ የሰፋ መሆኑን ይናገራሉ፥ ክርክራቸውም ገና አላለቀም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በየጥቂት ዓመቱ የሚደረግ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት አለ። በዚህ ጥናት መሠረት በ1992 ዓ.ም. ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ልጆች ከመቶው 58ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። በ1997 ዓ.ም. 51፥ በ2003 ዓ.ም. 44፥ በ2008 ዓ.ም. 38፥ በ2011 ዓ.ም. 37 ሆነ። 5 ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ልጆችም በ1992ቱ ጥናት ከ1000 166 የነበሩት በ2008ቱ 67 ሆነዋል። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም፤ አንድ ትውልድ እንኳ ባልሞላ ጊዜ የተገኘ ነው። ይሁን እንጂ ከ3 ልጆች ከ1 የሚበልጠው ዛሬም የተፈጠረበትን ቁመት ሳያገኝ ያድጋል ማለት ነው።

ከቍጥሮቹ ሁሉ እኔን ያስደነቀኝ የክልሎቹ ልዩነት ነበር። በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከመቶው 15 ልጆች ሲቀነጭሩ በአማራ ክልል 46 ነበሩ፤ ይህም ከክልሎች ሁሉ የሚበልጠው ነው። ጎጃምን የሚያህል ጎተራ በውስጡ ያለው ክልል ከሁሉ ቀድሞ ሲገኝ፥ የመምህራችን ጥያቄ እንዲያው የክፍል ጥያቄ ብቻ እንዳልሆነ ይታያል። የአፍሪካ አገሮች ስለ ረኀብ ዋጋ ባስጠኑት ጥናትም፥ እ.ኤ.አ. በ2009 ብቻ አገራችን በሕፃናት ምግብ ማነስ ምክንያት 55.5 ቢሊዮን ብር እንዳጣች ተገምቷል፤ ከዓመቱ ጠቅላላ ምርት ከመቶ 16.5 መሆኑ ነው። ይኸው ጥናት በዚያ ጊዜ ከነበሩት ዐዋቂዎች ከመቶው 67ቱ በልጅነታቸው የቀነጨሩ ናቸው ይላል። ይህን ባነበብሁ ማታ ከበሩ መቃን ጋር ቆሜ ራሴን እንደ ለካሁ አልደብቅም።

ታዲያ ጎተራው ሙሉ ሆኖ ልጁ የሚቀነጭረው ስለ ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ምክንያት የልጁ ሆድ ትንሽነት ነው። የሕፃን ጨጓራ በአንድ ጊዜ የሚይዘው በክብደቱ በያንዳንዱ ኪሎ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። 8 ኪሎ የሚመዝን ልጅ እንግዲህ ከአንድ ብርጭቆ ብዙም የማይበልጥ ይይዛል ማለት ነው። በየቤታችን ለሕፃን የሚሰጠው ምግብ ብዙውን ጊዜ የቀጠነ አጥሚት ወይም በውሃ የራሰ እንጀራ ነው። ልጁ ሆዱ ይሞላል፥ ይተኛል፤ እናትም ጠገበ ብላ ትደሰታለች። የጠገበው ግን ከምግቡ ይልቅ ውሃውን ነው። ዐዋቂ ሰው በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በልቶ ይውላል፤ ሕፃን ግን ጨጓራው ትንሽ በመሆኑ ከ9 ወር ወዲያ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፥ በመካከሉም መክሰስ ይፈልጋል። ከዕርሻና ከውሃ መቅዳት የምትመለስ እናት በቀን 4 ጊዜ እሳት ማንደድ ምን ያህል እንደሚከብዳት የሚያውቅ ያውቀዋል። በእኔ አስተያየት ከምክንያቶቹ ሁሉ በመጻሕፍት በጥቂቱ የሚነገርለት ይህ የእናት ድካም ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የምግቡ ዐይነት ነው። ፕሮቲን አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች የተሠራ መሆኑን ተምረናል። ከነዚህ መካከል ሰውነታችን ራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸው አሉ። ስንዴ፥ በቆሎና ገብስ ላይሲን የሚባለው ያንሳቸዋል፤ ባቄላ፥ ሽምብራና ምስር ደግሞ ላይሲን ሞልቷቸው ሜታዮኒን የሚባለው ያንሳቸዋል። ሁለቱ ሲቀላቀሉ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላዋል። እንጀራን በሽሮ የሚበላው የአገራችን ሰው ይህን ሳይማር ሲሠራበት ኖሯል። ነገሩ የሚበላሸው ሽሮው በርበሬ አለው ተብሎ ሕፃኑ ደረቅ እንጀራውን ብቻ ሲሰጠው ነው። እንቁላሉ፥ ወተቱና ቅቤው ደግሞ ወደ ገበያ ይሄዳል፤ ጨውና የደብተር መግዣ ከዚያ ይገኛልና። በ2008ቱ ጥናት ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ካሉት ልጆች በዐይነትም በብዛትም ዝቅተኛውን የሚበቃ ምግብ ያገኙት ከመቶው 7ቱ ብቻ ነበሩ። ይህን ቍጥር ሁለት ጊዜ አይቼ ነው የጻፍሁት።

ስለ ጾም አንድ ነገር ለመናገር እፈልጋለሁ፤ አንባቢም በበጎ ይመልከትልኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት ጾም የሚጀመረው ከ7 ዓመት ዕድሜ ወዲያ ነው። የ1 ዓመት ልጅ ወተት ቢጠጣ የሚነቅፈው ካህን የለም። ነገር ግን በብዙ ቤት በጾም ወራት የፍስክ ዕቃ ስለሚሸሸግ፥ እናትም የጾሙን ድስት እንዳታረክስ ስለምትፈራ፥ ልጁ ሳይጾም ጾመኛ ይሆናል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ አሉ፤ ሌሎቹም አጽዋማት አሉ። ሲደመር ከዓመቱ ግማሽ ገደማ ይሆናል። ለዚህ መድኃኒቱ ከባድ አይደለም፤ ለሕፃኑ አንዲት ትንሽ ድስትና አንድ ማንኪያ ለብቻ ማድረግ ነው። የአንዳንድ አጥቢያ ካህናት ይህንኑ ከዐውደ ምሕረት ላይ ሲያስተምሩ ሰምቻለሁ፤ እነርሱ አንዴ የተናገሩት ሐኪም ዐሥር ጊዜ ከሚናገረው የበለጠ ይሰማል።

ሌሎቹን ምክንያቶች ባጭሩ አልፋቸዋለሁ። እንገሩ ቆሻሻ ነው ተብሎ ይታለባል፥ ይደፋል፤ በእርሱ ፈንታ ሕፃኑ ቅቤ ይውጣል። ሐኪሞች ግን እንገርን የመጀመሪያው ክትባት ይሉታል። እንጥል ይቈረጣል፥ ግግ ይወጣል፤ ቍስሉም ሕፃኑን ጡት ያስጠላዋል። ንጹሕ ውሃ በሌለበት ልጁ በተቅማጥ ይያዛል፤ ተቅማጥ ያስከሳዋል፥ የከሳ ልጅ ደግሞ መልሶ በተቅማጥ ይያዛል። የታመመ ልጅ «የሰው ዐይን ነው» ወይም «ምች ነው» ተብሎ በጓዳ ይሸሸጋል፤ በዚህም መካከል ጊዜው ያልፋል። ከፅንስ ጀምሮ እስከ 2ኛው ዓመት ያለው ጊዜ ሲቈጠር 1000 ቀን ነው፤ በዚህ ጊዜ የጠፋው ቁመትና የአእምሮ ዕድገት ኋላ በምግብ ብዛት መመለሱ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ፅንስ ስላልሁ፥ ነገሩ የሚጀምረው ከእናቲቱ ገበታ መሆኑ አይዘንጋ፤ ከሁሉ በኋላ የምትበላው እርሷ ናትና።

ይህን ሕመም ለመዋጋት በአገራችን የተሠራው ሥራ የትናንት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 በስዊድን መንግሥት ርዳታ በአዲስ አበባ የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል ተቋቋመ፤ በ1968ም የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲቱት ሆነ። አባቶቻችንና እናቶቻችን የሚያስታውሱት «ፋፋ» የተባለው ዱቄት ከዚያ ጥናት የወጣ ነው። እህልን፥ ጥራጥሬንና የወተት ዱቄትን ከቪታሚን ጋር ያቀላቀለ ሲሆን ስሙ ራሱ ምኞቱን ይናገራል። ኢንስቲቱቱ ኋላ ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲቱት በሚባለው ውስጥ ይገኛል።

በ1966 ዓ.ም. እና በ1977 ዓ.ም. የወሎና የሌሎችም አውራጃዎች ረኀብ በመጣ ጊዜ፥ የከሱ ሕፃናት የሚረዱት በመጠለያ ውስጥ በሚገኙ የምግብ ጣቢያዎች ነበር። የዚህ አሠራር ችግር ብዙ ነው። ሕፃኑ በምግብ ጣቢያ አንድ ወር ያህል መቀመጥ አለበት፤ እናቱም አብራው ትቀመጣለች፤ ቤት የቀሩት ልጆቿና ዕርሻው ግን ጠባቂ የላቸውም። ብዙ ሕዝብ በአንድ ቦታ ሲከማች ደግሞ ኩፍኝና ተቅማጥ ይዛመታል። መድኃኒት የሆነው ወተት በንጹሕ ውሃ ካልተበጠበጠ ራሱ ሕመም ያመጣል።

እ.ኤ.አ. በ1996 አንድሬ ብሪያንድ የተባሉ የፈረንሳይ የሕፃናት ሐኪም ከአንድ ፋብሪካ ጋር ሆነው ለዚህ መፍትሔ አገኙ። ኦቾሎኒ ተፈጭቶ ከወተት ዱቄት፥ ከስኳር፥ ከዘይት፥ ከቪታሚንና ከማዕድናት ጋር ይለወሳል። ውሃ የሌለበት ስለሆነ ተሕዋስያን አይራቡበትም፤ ማብሰልም መበጥበጥም አያሻውም። አንዱ እሽግ 92 ግራም ሲሆን 500 ካሎሪ ይሰጣል። ልጁ እሽጉን ቀዶ ይመጠዋል። በየገጠሩ «ፕላምፒ ነት» የሚባለው ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ብዙዎቻችን የምናውቀው አይመስለኝም። እሽጉን ለእናት በየሳምንቱ ሰጥቶ ልጅን በቤቱ ማከም ይቻል እንደ ሆነ ለማወቅ ከተደረጉት የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች አንዱ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ2000 በእኛው አገር፥ በሀዲያ ነው። ከተከታተሏቸው 170 ክፉኛ የተጎዱ ልጆች 144ቱ ዳኑ፥ 7ቱ ሞቱ፤ የቀሩት ወደ ሌላ ሕክምና ተላለፉ ወይም ክትትሉን አቋረጡ። ብዙ ሊቃውንት ልጅ ካልተኛ አይድንም ሲሉ የነበሩት ይህን አይተው ሐሳባቸውን ለወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2007ም የዓለም ጤና ጥበቃ ድርጅት፥ ዩኒሴፍና የዓለም ምግብ ፕሮግራም አሠራሩን ለዓለም ሁሉ መከሩ። ዛሬ በሌሎች አገሮች እናቶች እሽግ ይዘው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ፥ መንገዱ ከተጠረገባቸው ስፍራዎች አንዱ ሀዲያ ነው።

ነገር ግን ልጅን በቤቱ ለማከም በቅርብ የሚለካው፥ የሚመዝነውና የሚከታተለው ሰው ያስፈልጋል። ይህን የሚሠሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። ሥራው የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ሲሆን፥ ዐሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ለ1 ዓመት እየሠለጠኑ በየቀበሌው ጤና ኬላ ሁለት ሁለት ሆነው ይመደቡ ነበር። አንድ ጤና ኬላ ከ3000 እስከ 5000 ሰው ያገለግላል። ቍጥራቸው ከ30000 በላይ ነው። ክትባት፥ የወሊድ ክትትል፥ የመጸዳጃ ቤት ምክር፥ የወባ ሕክምና፥ ለሕፃናት በየ6 ወሩ ቪታሚን ኤ፥ ይህ ሁሉ በእነርሱ ትከሻ ላይ ነው።

የሕፃኑን ምግብ ማነስ የሚለኩበት መሣሪያ አንዲት ጥብጣብ ናት። የሕፃኑን ግራ ክንድ በትከሻና በክርን መካከል ይጠቀልሉበታል። 12.5 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ አረንጓዴ ነው፤ ከ11.5 እስከ 12.5 ቢጫ ነው፤ ከ11.5 በታች ቀይ ነው። ይህ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ሁሉ ይሠራል፤ በዚያ ዕድሜ ጤነኛ ልጅ ቁመቱ ቢጨምርም የክንዱ ዙሪያ ብዙ አይለወጥምና። ቀይ የሆነው ልጅ እሽጉን ይቀምሳል፤ ከበላ ከነእሽጉ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ካልበላ ወይም ሌላ ብርቱ ሕመም ካለበት ወደ ጤና ጣቢያ ተልኮ ይተኛል። እዚያም በመጀመሪያው ቀን ብዙ ምግብ አይሰጠውም። ብዙ የተራበ ሰውነት ልቡና ኵላሊቱ ስለሚደክሙ ድንገት ጠግቦ ቢበላ ሊሞት ይችላል፤ ስለዚህ ኤፍ 75 የተባለው ቀጭን ወተት በየ2 ወይም በየ3 ሰዓቱ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠዋል። ርኅራኄ ያለ ዕውቀት ምን እንደሚያደርስ የሚያሳይ ነገር ነው።

ባለፈው የገና ዕረፍት ወደ ገጠር ሄጄ ነበር። የ17 ወር ልጅ ያላት እኅቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ ልጁም ጡት ከጣለ 2 ወር አልፎታል። ልጁ ሲያለቅስ ድምፁ አነሰብኝ። አያቴን ብጠይቃቸው «ጥርስ እያወጣ ነው» አሉኝ። ወደ ጤና ኬላ ወሰድነው፤ ጥብጣቧ 11.2 ላይ ቆመች። ሠራተኛዋ ደጋግመው ለኩ፤ በመዝገብ ጻፉ፤ ከዚያም አንገታቸውን ደፍተው «እሽግ ካለቀብን 5 ሳምንታችን ነው» አሉን። ወረቀት ጻፉልን፥ ወደ ጤና ጣቢያውም 3 ሰዓት በእግር ተጓዝን። እዚያ እሽጉ ነበር። እኅቴ በየሳምንቱ ያን መንገድ ስትመላለስ ከረመች፤ ሆዷም እየገፋ ነበር።

ማን ጥፋተኛ ነው ብዬ ብዙ አሰብሁ። ሠራተኛዋን ልወቅስ አልቻልሁም፤ ጥብጣቧን የያዙ፥ መዝገቡን የሞሉ እርሳቸው ናቸው። እሽጉ ከፋብሪካ ወደ መጋዘን፥ ከመጋዘን ወደ ወረዳ፥ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ሲሄድ በመካከል አንድ ሰው ቅጹን ሳይሞላ ከቀረ፥ ወይም መኪናው ነዳጅ ካጣ፥ ወይም መንገዱ በክረምት ከተቈረጠ ጤና ኬላው ባዶ ይሆናል። የጤና ሥርዐት ማለት ይህ ሰንሰለት ነው። የተሠራውን ሕንፃ ሁሉም ያየዋል፥ ይመረቃልም፤ ሰንሰለቱን ግን የሚያየው የተበጠሰ ዕለት ነው።

ሰንሰለቱም በአገር ውስጥ ብቻ አይደለም። እሽጉ በአገራችን ፋብሪካም ይመረታል፤ የሚገዛበት ገንዘብ ግን አብዛኛው የውጭ ርዳታ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን በነበረው ጦርነት በትግራይ፥ በአማራና በአፋር ብዙ ጤና ኬላዎችና ጤና ጣቢያዎች ተዘርፈዋል፥ ፈርሰዋልም። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ገንዘብ ስላጣ ለ650000 በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሴቶችና ሕፃናት የሚሰጠውን ሕክምና ለማቋረጥ መገደዱን አስታወቀ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት በሰቆጣ ስም በጠራው ቃል ኪዳን፥ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቀንጨር እንዲቀር ወስኗል። ቀኑ ቀርቧል። ሕክምናው በውጭ አገር በሚወሰን ገንዘብ ላይ የቆመ እስከ ሆነ ድረስ፥ የ17 ወሩ ልጅ ከእኛ ርቆ በተቀመጠ ሰው እጅ ላይ ነው ያለው። ይህን ለመምህራኖቻችንና ለወላጆቻችን እንደ ጥያቄ አቀርባለሁ፤ እኔ መልሱን አላገኘሁትም።

አንድ ነገር ልመለስበት። እኅቴ እሽጉን ይዛ ስትመጣ አያቴ ለታላቁ ልጅም ሊያካፍሉለት ፈለጉ። «አንዱ እየላሰ አንዱ እያየ እንዴት ይሆናል?» አሉ። ነገሩ ጭካኔ አልነበረም፤ ተካፍሎ መብላት ደግነት በሆነበት ቤት እንዲህ ማሰብ ተገቢ ነው። እኔም «እማዬ፥ ይህ ምግብ ሳይሆን መድኃኒት ነው፤ የታላቁን ክኒን ለታናሹ ይሰጡታል?» ብዬ አስረዳኋቸው። ከዚያ ወዲያ እሽጉን በሣጥናቸው ቈልፈው ራሳቸው በሰዓቱ ያበሉት ጀመር። በ9ኛው ሳምንት ጥብጣቧ 12.6 አሳየች፤ ይህን እኅቴ በስልክ ነገረችኝ።

እሽጉ ለቀይ ልጅ ነው። አረንጓዴው ቢጫ፥ ቢጫውም ቀይ እንዳይሆን የሚያደርገው ግን የቤት ገንፎ ነው። የጤና ክበባችን በመጋቢት ወር በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሞክሮት ነበር። 3 እጅ እህል፥ 1 እጅ ሽምብራ ወይም ባቄላ ታምሶ አብሮ ይፈጫል። ገንፎው ወፍራም ሆኖ ይገነፋል፤ ከዚያ አንድ ማንኪያ የገብስ ብቅል ዱቄት ይጨመርበትና እንደገና ይፈላል። ብቅሉ ስታርቹን ስለሚፈታው ገንፎው ውሃ ሳይጨመርበት ይቀጥናል፤ ስለዚህ በዚያው ትንሽ ጨጓራ ብዙ ምግብ ይገባል። ብቅልን ለጠላ ብቻ የምናውቀው ሁሉ ዐይናችን እያየ ሲቀጥን ተደነቅን። የመጀመሪያው ድስታችን አርሮ ነበር፤ ሁለተኛው ግን ደኅና ወጣ፥ የወጥ ቤቷ እናታችንም ቀምሰው ጨው ይጨመርበት አሉ። ለሕፃኑ ሲቀርብ ያለ በርበሬ ነው፤ ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ፥ የተፈጨ ጎመን ወይም ዱባ፥ ከተገኘም እንቁላል ይጨመርበታል።

ከጤና ጣቢያው የተሰጠችን አንዲት ጥብጣብ በቤተ መጻሕፍታችን፥ ከመዝገበ ቃላቱ አጠገብ ባለው መሳቢያ ትገኛለች። ለክረምት ወደ ገጠር የሚሄድ ተማሪ ፈርሞ ሊወስዳት ይችላል። ልኬቱ ቢጫ ወይም ቀይ ቢሆን ወደ ጤና ኬላ ነው እንጂ ተማሪ ሊያክም አይችልም። የወሰደ ተማሪ በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ይመልስ፤ ያለችን አንድ ናትና።